በጨፋሪዎቹ መሃል የተተወ ቦታ

እህቴ እትዬ ዘነበች ጭፈራ አትወድም። ሰርግ ስትጠራ ምሳዋን በልታ፣ ከበሮው ገና ሳይመታ "ራሴን አመመኝ" ብላ የምትነሳ፣ ቴሌቪዥን ላይ እስክስታ ከመጣ ሪሞት ፍለጋ ሶፋውን የምታገላብጥ ሴት ናት። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ካላት ወዲህ ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን ደረጃ መውረድ ትታ፣ ቅዳሴውን እንኳ የምትከታተለው በስልክ ነበር። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ ኤልቪራ የአገሯ ሰዎች ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር የሚያሳዩትን የባህል ጭፈራ እንዳይ ስትጠራኝ፣ እትዬን አብሬ መጋበዝ በሐሳቤም አልመጣልኝም። እሷ ግን ከተጋደመችበት ቀና ብላ "የማን ጭፈራ ነው?" አለችኝ። የተራራ አገር ሰዎች ናቸው፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ አልኳት። "እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ" አለች። የልጅ ልጇ ሄለን ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "ኢዝ ሺ ኦኬ?" ብላ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኳት። ሄለን ላይኛው ፎቅ ነው የምትኖረው፤ መኪና ነጂያችንም እሷ ናት፤ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ሆነን ተግባብተን እንኖራለን።

ከኤልቪራ ጋር ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን አርጅተናል። የእሷና የእኔ እንግሊዝኛ ተደምሮ ለአንድ ሰው አይበቃም። የምንግባባው በአንሶላ ነው። እሷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሁለቱን፤ እናራግፋለን፣ ተራምደን እንገናኛለን፣ ጫፍ እንቀባበላለን፣ ወደ ኋላ እንመለሳለን፣ እንደገና እንገናኛለን። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ስንሠራ ቆመው ያዩናል፤ ጭፈራ ይመስላል ይሉናል። ይህን ያህል ዘመን ፊት ለፊት ቆመን ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ቤት ኪራይዋ አውቃለሁ። ወንድም ይኑራት አይኑራት ግን አላውቅም ነበር። እሷም የእኔን አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ እንደ ልማዱ ይዘንባል። አዳራሹ የትምህርት ቤት ኳስ መጫወቻ ነው፤ መሬቱ ላይ የተሰመረው መስመር ሳይቀር ይታያል። ሄለን በር ላይ ፓርክ አድርጋ እትዬን ደግፋ አስገባቻት። ሴቶቹ ሽንሽን ቀሚሳቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ይዘዋወራሉ፤ ከራሳቸው ላይ ትንሽ ክብ ባርኔጣ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። በልጅነቴ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ባርኔጣ የሚያደርጉ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ነፋስ ሲመጣ በሁለት እጃቸው ይይዙት ነበር። የእነዚህ ሴቶች ግን ቢዘሉም አይወድቅም። ኤልቪራ እኔን ስታይ ተሯሩጣ መጣች፤ እትዬን ጉንጯን ሳመቻት፣ እትዬም ሳመቻት፤ ምንም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው "ደህና ነሽ? ልጆች ደህና?" ተባባሉ። ኤልቪራ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እትዬ በሌላው ጎኔ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚስ ይተኮሳል። ሽታው እኛ ጋ መጣ። ሆቴሉ ውስጥ በእንፋሎት መሃል ነው የምውለው፤ እዚያ የሚሸተኝ ሳሙና ነው፣ ለምጄዋለሁ። ይሄ ሌላ ነበር። በአፍ ውሃ እፍ ተብሎበት፣ ወዲያው በጋለ ብረት የተመታ ጨርቅ ሽታ ነው። አፌ ውስጥ የውሃው ቅዝቃዜ መጣብኝ፤ እጄ ላይ የከሰል ካውያው ክብደት። ከዚያ ወዲያ ዋይት ሴንተር መሆኔን ለጊዜው ረሳሁት።

ቀበና ከድልድዩ ከፍ ብሎ ነበር ቤታችን። መታጠፊያው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ማሽኑን በረንዳ አውጥቶ ሰፊውን ሱሪ በሃምሳ ሳንቲም የሚያጠብ፣ ጠባቡንም በዚያው ዋጋ የሚያሰፋ፤ ፋሽኑ ወዲያና ወዲህ ሲል እሱ ብቻ ያተርፍ ነበር። ከእሱ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ትሸጣለች፤ ለሰፈር ልጅ ትልቅ ትልቁን ትመርጣለች። ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ መንገዱ ይጠበው ነበር። ሸራ ጫማ በኖራ ነጭ ይደረጋል፤ ዝናብ ሲመጣ ኖራው እየታጠበ የጎረምሶቹ መንገድ ከኋላቸው ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ወንድሜ ደምሴ ከእነዚህ አንዱ ነው። አፍሮው ከበሩ ጉበን ጋር ይጋጭ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሚዶውን ከኋላ ኪሱ አይለይም። ለማበጠር ሳይሆን ሰው እንዲያይለት ነው እያለች እናቴ ትስቅበት ነበር።

ደምሴ የቀበሌው ኪነት ውስጥ ጨፋሪ ነበር። የድሮ መጋዘን አዳራሽ ተደርጎ እዚያ ነበር የሚለማመዱት፤ የእህል አቧራው ገና አልለቀቀውም፣ ሲጨፍሩ ይነሳና ሁላችንንም ያስነጥሰናል። እኛ ልጆች በመስኮት እናያለን። ደምሴ ትከሻው እንደ ልብ ይታዘዝለታል፣ ጉልበቱም አያልቅም፤ አንድ ነገር ግን ነበረበት፣ ከምቱ ይዘገያል። ብዙ አይደለም፣ እፍኝ ያህል። ሁሉም እግራቸውን መሬት ላይ ካሳረፉ በኋላ የእሱ እግር ለብቻዋ ታርፋለች። አሠልጣኙ "አንተ ደምሴ፣ ከበሮው ትቶህ ሄደ እኮ!" ሲለው ይስቃል፤ ነገም እንዲያው ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሆን ብሎ ነው፣ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን እቤት ውስጥ አውቀዋለሁ፤ ሲጠሩትም "አቤት" የሚለው ዘግይቶ ነው።

ሸሚዙን የምተኩስለት እኔ ነበርኩ። ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ለትርኢት የሚለብሱት። አንድ ከሰዓት ኮሌታውን ጨርሼ፣ ጀርባውን ጨርሼ፣ ቀኝ እጅጌውንም ተኩሼ ሳበቃ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆሙ። ደምሴ፣ ላንድ አፍታ ትፈለጋለህ አሉት፤ በጨዋ ደንብ ነው፣ አልጮሁም። "ሸሚዙን ስጪኝ" አለኝ። "ግራው ቀርቷል" አልኩት። "ማን ያየዋል?" ብሎ ከእጄ ወስዶ እንደጋለ ለበሰው። ሙቀቱ ሰውነቱን ሲነካው "እስ" ማለቱ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ደምሴን ያየ ሰው የለም። የእጅጌውን ነገር ለእናቴም፣ ያን ጊዜ ናዝሬት ተድራ ለነበረችው ለእትዬም፣ በኋላም ለማንም አላወራሁም። ምን ተብሎ ይወራል? ሰው ጠፍቶ ስለ እጅጌ ይወራል እንዴ?

በወጉ ቢሆን መርዶ ይመጣ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው ሲሞት ሳይሆን መርዶው ሲነገር ነው። ሽማግሌዎች በማለዳ በር ያንኳኳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ፤ የቤቱ ሰው ገና ሳይናገሩ ገብቶት ቢሆን እንኳ እስኪናገሩ ይጠብቃል። ከዚያ ይጮሃል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ይመጣል፣ ይለቀሳል፣ ሰው ይወጣለታል። የደምሴን መርዶ ግን ማን ይናገር? ማን አውቆ? እናቴ ስንት ጠዋት በሩን ስታይ ኖራ፣ መርዶውን ሳትሰማ ራሷ ሞተች። ኪነቱም ደምሴ ከጠፋ ብዙ ሳይቆይ ትርኢት አሳየ፤ እኔም ሄጄ በመስኮት አየሁ። በሰልፉ ውስጥ የደምሴ ቦታ ክፍት ነበር። አሠልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሰልፉን ዝጉ" አለ። ልጆቹ አንድ አንድ እርምጃ ተጠጉ። በቃ። ያ ቦታ እንዳልነበረ ሆነ። ሲጨፍሩ ሁሉም እግር አንድ ላይ አረፈ፤ አሠልጣኙ ያን ቀን ተሳክቶለታል።

እትዬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አላለቀሰችም። "መርዶ ሳይነገረኝ ጥቁር አልለብስም" እንዳለች ይኸው አረጀች። እኔ ደግሞ እዚህ ከመጣን በኋላ፣ ልቧ መድከም ሲጀምር፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቄሱን ለወንድሜ ፍትሐት አድርሱልኝ ብላቸው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አላውቀውም። እናቴ የልጆቿን የክርስትና ስም ከሰው ትደብቅ ነበር፤ ጎረቤታችን የነበረችን አንዲት ሴት መተት ታሠራለች ብላ ትፈራለች፤ ስሙ ከተያዘ ሰውዬው ተያዘ ማለት ነው። ደምሴ ክርስትና ሲነሳ እኔ አልተወለድኩም። ቤተ ክርስቲያን ይዛው የሄደችው እትዬ ናት፤ ስሙን የሰማች እሷ፣ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለችውም እሷ። "በዓለም ስሙ አይሆንም ወይ?" ብላቸው ቄሱ "እግዚአብሔር የሚጠራው በዚያኛው ነው" አሉኝ። እትዬን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። "ስሙን ለቄስ የምሰጠው ሬሳውን ሳይ ነው" ትለኛለች። እሷ ከሞተች ስሙም አብሯት ይቀበራል፤ ደምሴም ለዘላለም ሳይጸለይለት ይቀራል። የፈራሁት ይህን ነው፤ ልቧ ባቃሰተ ቁጥር የምደነግጠው ለሁለት ሰው ነበር።

ከበሮው ሲመታ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ዋሽንት የሚመስል ነገር ይነፋሉ፤ አንዱ ነጠላ፣ ሌላው ቁመቱ የተለያየ ሸምበቆ ጎን ለጎን የታሰረ። እትዬ "የኛ ዋሽንት ነው፣ ብቻ ብርድ መቶታል" አለች። እውነቷን ነው፤ ድምፁ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማል። ሴቶቹ ተሽከርክረው ወጡ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም ደስ እያለኝ ነበር። ከዚያ ወንዶቹ ገቡ። ዓይናቸው የፈጠጠ ትልልቅ ጭምብል አድርገዋል፤ ቡትሳቸው ላይ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ቃጭል ተደርድሯል። በሁለት ሰልፍ ቆሙ። ፊተኛው ሰልፍ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያቆም ክፍት ቦታ አለ። ሄለን ጎንበስ ብላ "ሰምዋን ኢዝ ሌት" አለችኝ። ኤልቪራ ሰማቻት። "ኖ ሌት" አለች፤ የዘገየ የለም ለማለት ነው። ከዚያ በዚያችው በተሰባበረችው እንግሊዝኛችን ነገረችን፤ ቦታው ከቤታቸው ተጠርተው ወጥተው ላልተመለሱት ነው። የእነሱም አገር እንዲህ ያለ ዘመን ነበረው። ወንድሟ ሩበን እዚህ ቡድን ውስጥ ሲጨፍር ነበር የወሰዱት። እነሱ ሰልፉን አይዘጉም። የትም አገር ይጨፍሩ፣ ያን ቦታ ይተዉታል።

ይህን ሁሉ ዘመን አንሶላ ይዘን ስንገናኝና ስንለያይ ኖረናል።

ጭፈራው ጀመረ። ሁሉም ዘለው አንድ ላይ መሬቱን ሲመቱ ቃጭሉ እንደ በረዶ ወረደ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ቃጭል ለብቻው ጮኸ። መጀመሪያ ከጨፋሪዎቹ አንዱ ተሳስቶ ነው ብዬ ተውኩት። እንደገና ዘለሉ፤ እንደገና አንዱ ዘገየ። ዓይኔን ከእግር ወደ እግር አዘዋወርኩ። ሁሉም እግሮች አርፈዋል። ድምፁ የሚመጣው ከክፍቱ ቦታ ነው። ከግራና ከቀኝ ያሉት ሁለቱ ጭምብሎች ሲዞሩ ወደዚያ ቦታ አይጠጉም፤ ለቆመ ሰው ትከሻ እንደሚለቀቅ እየለቀቁ ያልፋሉ። ልምምድ ነው፣ እንዲያ ተምረው ነው፣ አልኩ ለራሴ። እኔ በመናፍስት የማምን ሰው አይደለሁም፤ ሌላው ቀርቶ ሰዎች የሚያወሩልኝን ሕልም ግማሹን አልሰማም።

"ያ ልጅ ለምን ጭምብል የለውም?" አለችኝ እትዬ።

የእትዬ ዓይን ላይ ሞራ አለ። የእኔን ፊት የምትለየው ስናገር ነው። "የቱ ልጅ?" አልኳት።

"መሃል ያለው። ላብ አጥምቆታል እኮ። ውሃ አይሰጡትም?"

"እትዬ፣ መሃል ሰው የለም።"

አልሰማችኝም። ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሕፃን ቴሌቪዥን እንደሚያይ ታያለች። "ሸሚዙ ያምራል" አለች ቆይታ። "ግራ እጅጌው ግን ጭምድድ ብሏል። ማነው የተኮሰለት?"

እዚህ ላይ ፈራሁ። እጄን ኤልቪራ ያዘችው፣ ለምን እንደያዘችው አልጠየቅኋትም። ተነስቼ መውጣት ፈለግሁ፤ እሷ ግን አልለቀቀችኝም። ሄለን ከፊታችን ስልኳን አንስታ ቪዲዮ ትቀርጻለች፤ ፈገግ ብላለች፤ እሷ የምታየው ያማረ ጭፈራ ነው። ቪዲዮውን ያን ቀን ማታ ለሁላችንም ላከችልን፤ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።

ጭፈራው ሲያበቃ የቡድኑ መሪ ጭምብሉን አወለቀ። ከሥሩ ጸጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ወጡ። አንድ ስም ጠሩ። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ድምፅ "ፕሬሴንቴ" አለ። ሌላ ስም ጠሩ፤ "ፕሬሴንቴ"። ኤልቪራ "አለ ማለት ነው" አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ እንደሚባለው። ከዚያ ቤተሰቦች ከየተቀመጡበት ተነስተው የየራሳቸውን ሰው ይጠሩ ጀመር። ኤልቪራም ተነሳች፤ "ሩበን" ብላ የአባቷን ስም አስከትላ ጠራች፤ ሰውም መለሰላት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስትቀመጥ ግን የያዘችኝ እጇ ረጥቦ ነበር።

እትዬ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። ልይዛት ብነሳ በክርኗ ገፋችኝ። እናቴ ከሜዳ ትጠራን በነበረው ድምፅ፣ በዚያ ልቧ በማይችለው ድምፅ፣ አንድ ስም ጠራች። ደምሴ አላለችም። በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቅ የክርስትና ስም ነው። ለእናንተም አልጽፈውም፤ እናቴ ከጎረቤት የደበቀችውን እኔ ለአንባቢ አላወጣም። አዳራሹ የማነው ብሎ አልጠየቀም። ሕፃን ሽማግሌው "ፕሬሴንቴ" አለ።

ጸጥ አለ። ከዚያ፣ እፍኝ ያህል ዘግይቶ፣ ከክፍቱ ቦታ "አቤት" የሚል የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

ስንመለስ ዝናቡ ብሶበት ነበር። ሄለን ትነዳለች። እትዬ ከኋላ ከጎኔ ተቀምጣ "ሰማሽ አይደል?" አለችኝ። ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ሰማሁ አልኳት። "እንግዲህ የፍትሐት ነገር እንዳታነሺብኝ። ሲጠሩት አቤት የሚል ሰው አልሞተም።" ስሙ አፌ ውስጥ ነበር። ይህን ያህል ዘመን የለመንኩት ስም ተሰጥቶኛል፤ ለቄሱ ወስጄ መናገር የሚከለክለኝ የለም። ግን በገዛ ጆሮዬ አቤት ሲል የሰማሁትን ሰው ከሙታን ጋር ጥሩልኝ ልበል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄሱ አጠገብ ቆሜ ስለ እትዬ ጤና ብቻ አውርቼ ተመለስኩ።

ከዚያ እትዬ ምሳዋን በበላች ቁጥር መስኮቱ ጋ ትቀመጥና ስሙን ትጠራ ጀመር። አንዴ ብቻ ትጠራለች፤ ጆሮዋን ታዘነብላለች፤ ፈገግ ትላለች። እኔ በዚያን ሰዓት ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን እከፍተዋለሁ፤ የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ጣሪያው ውስጥ አንድ ነገር ቅጭል ሲል ሂተሩ ነው እላለሁ። ያረጀ ቤት ነው፣ ቧንቧው ይጮሃል። አንድ ቀን ግን ሄለን ከፎቅ ወርዳ "ዲድ ዩ ጋይስ ጌት ኤ ካት?" አለችኝ። ድመት የለንም አልኳት። በእንግሊዝኛዋ ቀጠለች፤ ደረጃው ላይ የቃጭል ነገር ይሰማኛል፣ ሰው ሲሄድ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ቃጭሉ፣ አለች። ሂተሩ ነው አልኳት። እሷም ኦኬ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ በነገታው ግን ጓደኛዋ ቤት ልደር ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

የእትዬ ፈገግታ እየከሰመ መጣ። ትጠራዋለች፣ ጆሮዋን ታዘነብላለች፣ ፊቷ ይጨማደዳል። አንድ ከሰዓት ውሃውን ዘግቼ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ዛሬ አልመለሰም?" አልኳት። በዚህ ዓይነት ወሬ ውስጥ መግባቴን ስሰማ ራሴን ታዘብኩት።

"መልሷል" አለች። "ትንፋሹ ግን ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ያን ቀን አላየሽው አንቺ፤ ላቡ እኮ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ሙሉነሽ፣ ይሄ ልጅ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተቀመጠም።"

የወደቀ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስኩላት።

"ቁጭ በል የሚለው አጥቶ ነው" አለች። "አለ፣ አለ፣ ስል አቁሜው ኖርኩ። የእነሱስ አገር ወጉ ይሆናል፣ ቢያንስ አብረውት ይጨፍራሉ። እኔ ብቻውን ነው ያስጨፈርኩት።" ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ማልቀሷ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ቆይታ ገልጣው "ለቄሱ ንገሪያቸው። ስሙን ታውቂዋለሽ" አለችኝ።

"እሺ።"

"ግን መርዶ ይምጣልኝ።"

"እትዬ፣ የምትነግሪኝ አንቺ፣ መርዶ ደግሞ ከየት ይምጣ?"

"ማወቅና መርዶ አንድ ነው እንዴ?" አለች ተቆጥታ። "በወጉ፣ በጠዋት፣ ሽማግሌ መጥቶ ይንገረኝ። ያለ መርዶ አላለቅስም ብያለሁ፣ ያለ መርዶ አላለቅስም።"

ቄሱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቼ ስሙን በጆሮአቸው ነገርኳቸው። የቀረውን ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። መቁጠሪያቸውን እየነካኩ ሰምተውኝ "ከማን ጋር ልምጣ?" ብቻ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች መረጥን፤ አንደኛው ሲታክ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ናቸው፣ ሌላው የልጅ ልጅ ሊጠብቁ የመጡ የድሮ መምህር። ለሁለቱም እውነቱን ነገርናቸው። ታክሲ ነጂው ሽማግሌ "እኔም አንድ መርዶ ያልመጣልኝ ሰው አለኝ" አሉና ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ።

ቅዳሜ ማለዳ አንኳኩ። ሄለን ማታ ተመልሳ ላይ ተኝታ ነበር። እትዬ ከኔ ቀድማ ተነስታ፣ ጸጉሯን ፈትታ፣ ሳሎን ቁጭ ብላለች። በሩን ከፈትኩ። ጫማቸው ረጥቧል፤ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። እትዬ "በጠዋቱ በሰላም ነው?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ የማስመሰል ነገር አልነበረም፤ እውነቷን ነበር የምትጠይቀው። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ የሚሉትን ጠበቅሁ፤ የምሰማውን ነገር የማላውቅ ያህል።

መምህሩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "እትዬ ዘነበች፣ ጠንከር ይበሉ" አሉ። "ወንድምዎ ደምሴ አርፏል።"

እትዬ ወዲያው አልጮኸችም። ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ በዚያ ሞራ ባለው ዓይኗ። "መቼ?" አለች።

ይህን ማንም አላሰበበትም። መምህሩ ወደ ቄሱ ዞሩ፤ ቄሱ ወደኔ። ታክሲ ነጂው ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱ፣ እትዬ አጠገብ ሄደው በርከክ አሉና እጇን ያዙ። "ዛሬ ነው፣ እህቴ" አሉ። "አሁን ነው ያረፈው።"

እትዬ ደረቷን መታች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ ከደከመ ልብ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ አለች፤ እኔም ከግድግዳው ተንሸራትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አብሬያት ጮህኩ። ሄለን በባዶ እግሯ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ አያቷን አየች፣ እኔን አየች።

"ማነው የሞተው?" አለችኝ በአማርኛ።

"ወንድሜ" አልኳት።